ወረዳ 28 የት ገባ?

«አዲስ አበባ ውስጥ ወረዳ 28 የሚባል የለም፤ ሰነዱ ተሳስቷል።» ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ሰው ይህን ተብሎ ይመጣል። ወረዳ 28 ነበረ። በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳር፣ በኮተቤ በኩል የነበረው ሰው መታወቂያ ያወጣው በዚያ ቁጥር ነው።

«ቀበሌን ያመጣው ኢሕአዴግ ነው።» አይደለም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ሲወረስ ነው የመጣው።

«ከፍተኛና ወረዳ የተለያዩ ናቸው።» በደርግ ጊዜ ከቀበሌ በላይ ያለው የአስተዳደር እርከን «ከፍተኛ» ይባል ነበር፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ ወረዳ ተባለ፤ በቃ።

«ዳር ዳሩ ገጠር ስለነበር አስተዳደር አልነበረውም።» ነበረው። በ28ቱ ወረዳዎች ሥር ከነበሩት 328 ቀበሌዎች 23ቱ የገበሬ ቀበሌ ነበሩ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ይህ ነው፦ «የድሮው ወረዳና የአሁኑ ያው ነው፣ ቁጥሩ ነው የተቀየረው።» በፍጹም! በ1987ቱ ቆጠራ ከተማዋ 2.1 ሚሊዮን ሰው ነበራት። ለ28 ብታካፍሉት ለአንድ ወረዳ 75 ሺህ ገደማ ይደርሳል፤ የድሮው ወረዳ ይህን ያህል ትልቅ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ወረዳዎቹ ፈረሱና 10 ክፍለ ከተሞች መጡ። ቀበሌዎቹም እየተዋሃዱ 99 ሆኑ። ዛሬ ወረዳ የምንለው ከእነዚህ የተዋሃዱ ቀበሌዎች የመጣ ነው፤ ኋላ ላይ ቁጥራቸው 116 ደረሰ። ስለዚህ የአሁኑ ወረዳ የድሮው ቀበሌ ዘር እንጂ የድሮው ወረዳ አይደለም። ደግሞ ያኔ «ወረዳ 5» ካልክ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ዛሬ ወረዳ 5 በብዙ ክፍለ ከተሞች አለ።

አምና አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ሰነድ በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ተቀዷል፤ «ወረዳ 28» የሚለው ግን ይነበባል። አንድ ቢሮ «ወረዳ 8 ይሂዱ» ብሏቸው ሦስት ሳምንት ተንከራተዋል። ስምንት ስላለበት ብቻ!

«እማማ፣ ሰፈሩን ድሮ ማን ትሉት ነበር? ግብር የከፈላችሁበት ደረሰኝስ አለ?» አልኳቸው። ከፌስታሉ ሥር አራት ደረሰኝ ወጣ። የቅርቡ ላይ የአሁኑ ወረዳ ተጽፏል።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። በቁጥር አትመሩ፤ በሰፈር ስም ጠይቁ። የድሮውን መታወቂያ፣ የግብርና የውሃ ደረሰኝ አትጣሉ። የቤት ቁጥሩም ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል የድሮውንም የአሁኑንም ያዙ። ማመልከቻው ላይ «በቀድሞው አጠራር ወረዳ 28 ቀበሌ ይህን ያህል፣ በአሁኑ አጠራር እዚህ ክፍለ ከተማ ወረዳ ይህን ያህል» ተብሎ ሁለቱም ይጻፍ። ቤታችሁ የካ ወይም ቦሌ ከነበረ ደግሞ አሁን ለሚ ኩራ ገብቶ እንደሆነ አረጋግጡ፤ ይህ 11ኛው ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ከሁለቱ ተቆርሶ ነው የተመሠረተው።