ሻጩ «እጠግነዋለሁ» ካለ ውሉ ላይ ይጻፍ

እዚህ ጎንደር ቤት የሚገዛ ሁሉ «ቤቱ ላይ ያየሁትን ጉድለት ሻጩ መጠገን አለበት ወይ?» ብሎ ስለሚጠይቅ በአጭሩ ልበል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ያያችሁት ጉድለት፣ የተላጠ የመብራት ገመድም ሆነ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ ሻጩን አያስጠይቀውም፤ አይታችሁ ገዝታችኋላ! የሚያስጠይቀው የማይታየው ነው። ስለዚህ የቃል ተስፋው ውሉ ውስጥ ይግባ።

ለምሳሌ አዘዞ ያለ ቤት ገመዱን ማስቀየር 40,000 ብር ቢፈጅና ሻጩ «አልነካውም» ቢል፣ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ፤ «እጠግነዋለሁ» ካለ ደግሞ ብሩን ያዙና ሥራው ሲያልቅ ክፈሉት። ስንት እንደሚቀነስ እንደ ሰዉ ነው።

ቁርጥ ያለው የቀብዱ ነገር ነው፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሐሳቡን የቀየረ ገዢ ቀብዱን ያጣል፣ ሻጭ ከሆነ እጥፉን ይመልሳል። ኤሌክትሪሺያኑን ከቀብዱ በፊት ይዛችሁ ሂዱ፤ ደላላው ቢያጣድፍም (ማጣደፉማ ሥራው ነው)።