መጋዘኑ የት ነው? የእህል ማከማቻ በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ገበሬ እህሉን የሚያኖርበት እንደ አገሩ ይለያያል። በደጋው ጎታና ጎተራ አለ። ጎታው ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ተሠርቶ ቤት ውስጥ ይቆማል። ጎተራው ደጅ ላይ ክዳን ለብሶ ይቀመጣል። በሐረርጌ ደግሞ ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ይከተታል። የጉድጓዱ አፍ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ከላይ በጭድና በአፈር ይደፈናል። አየር ስለሚያጥረው ነቀዝ አይበረታበትም፤ ግድግዳው ዳር ያለው እህል ግን እርጥበት ስቦ ይሻግታል።

ጤፍ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ዓመታት ይቆያል። የወለጋ፣ የኢሉባቦር፣ የጅማና የምዕራብ ጎጃም በቆሎ አምራች ግን ጣጣው ብዙ ነው። አገሩ ዝናባም ስለሆነ በቆሎው በደንብ ሳይደርቅ ይገባል። ነቀዙም ገና ከማሳው ይጀምረዋል።

ከሁሉ በላይ መጋዘን የሚያስፈልገው እንግዲህ ይህ ገበሬ ነው። ትልልቆቹ መጋዘኖች ግን የተሠሩት ለሌላ ጉዳይ ነው። የመጠባበቂያ እህል የሚቀመጠው እንደ አዳማ፣ ኮምቦልቻ፣ ድሬዳዋና ሻሸመኔ ባሉ የዋና መንገድ ከተሞች ነው። እርዳታ ቶሎ ለማድረስ ስለሆነ ይህ ያስኬዳል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያገበያየው በቆሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቡናና ሰሊጥ ቦታውን ያዙት። እንደ ሁመራ፣ መተማና ዲላ ያሉት የምርት ገበያው መጋዘኖችም የሚያስተናግዱት ይህንኑ የውጭ ንግድ ነው።

የበቆሎው ገበሬ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ዋጋው ወድቆ ሳለ ይሸጣል። አንድም የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፤ አንድም ነቀዙን ይፈራል። ክረምት ሲገባ ብዙው ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ልዩነቱ ኪሱ የሚገባው ማስቀመጫ ያለው ነጋዴ ነው። ገበሬው ቁጠባ አያውቅም የሚሉ ሰዎች ይህንን ቢያዩ ጥሩ ነበር።

ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት በኬሻ ውስጥ የተደረበበት፣ ፒክስ የሚባለው የእህል ጆንያ ትልቅ እፎይታ ነው። አፉ ተጠምዝዞ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። እህሉ ግን ደርቆ መግባት አለበት። አይጥ ከበሳውም አለቀለት። ዋጋው ከተራ ኬሻ ይበልጣል፤ ከወረዳ ከተማ ለራቀ ቀበሌ ደግሞ ማግኘቱም ራሱ ሥራ ነው።

በሽንኩርትና በቲማቲም ነገሩ ይብሳል። ማቀዝቀዣ ክፍል በብዛት ያለው በአበባ እርሻዎችና በላኪዎች ግቢ ነው። የፎገራ ሽንኩርት አብሮ ሲደርስ፣ ገበሬው ደላላው በጠራለት ዋጋ ከመሸጥ ሌላ ምርጫ የለውም።