ጉርጃራዴሻ ምንድን ነው?

ጉጃራት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በምዕራብ ሕንድ ባሕሩን ተንተርሶ ያለውን ክልል ነው። ስሙን ያገኘው ጉርጃር ከሚባለው ሕዝብ ነው። የሚገርመው ግን፣ የጥንቱን የጉርጃር አገር ዋና ከተማ ልይ ያለ ሰው ጉጃራትን ለቅቆ ወደ ሰሜን፣ ወደ ራጃስታን መዝለቅ አለበት።

ያ አገር ጉርጃራዴሻ ይባል ነበር። «ዴሻ» በሳንስክሪት አገር ማለት ነው፤ የጉርጃር አገር እንደማለት። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕንድን የዞረው ቻይናዊው መነኩሴ ሹዋንዛንግ አገሩንም ዋና ከተማውንም ጠቅሷል። ከተማዋ ቢላማላ ናት። ዛሬ ቢንማል ትባላለች፤ በራጃስታን፣ ጃሎር አውራጃ ውስጥ ትገኛለች።

ይቺን ከተማ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የሒሳብና የከዋክብት ሊቁ ብራህማጉፕታ ትልቁን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ628 ጽፎ ጨረሰ። ከእሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት «የቢላማላው መምህር» ይሉት ነበር። ዜሮን እንደ ማንኛውም ቁጥር ቆጥሮ፣ እንዴት እንደሚደመርና እንደሚቀነስ ሕግ ያወጣው እሱ ነው።

ታዲያ ስሙ እንዴት ወደ ደቡብ ወረደ? አገሩ «ጉርጃራትራ» የሚል ሌላ መጠሪያም ነበረው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ሲገኝ፣ የሚያመለክተው ያው ራጃስታን ውስጥ ያለ መሬት ነው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሶላንኪ የተባሉት ነገሥታት በዛሬው ጉጃራት ውስጥ ያለችውን ፓታንን መናገሻ አደረጉ። ግዛታቸው ሲሰፋ ስሙም ከደቡቡ ጋር ተጣበቀ፤ ሲነገር ሲነገር ጉጃራት ሆነ። ሰሜኑ በሌሎች ስሞች ተጠራ።

«ጉርጃር» የሚለው ቃል ራሱ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ምሁራን አይስማሙም። አንዳንዶች በሳንስክሪት «ጠላትን አጥፊ» ማለት ነው ይላሉ። ለእኔ ይሄ ስሙ ከወጣ በኋላ የተፈለገለት ፍቺ ይመስለኛል። ሌሎች ሕዝቡ ከመካከለኛው እስያ ሁኖች ከሚባሉት ወራሪዎች ጋር ገባ፣ ስሙንም ይዞ መጣ ይላሉ። ቃሉ መጀመሪያ የአገር ስም ነበር፣ ሕዝቡም ከአገሩ ወሰደው የሚሉም አሉ።

ስሙ ሰዎቹ በሄዱበት ሁሉ ተበትኗል። ፓኪስታን ውስጥ ጉጅራት፣ ጉጅራንዋላና ጉጃር ካን የሚባሉ ከተሞች አሉ። በካሽሚር ተራሮች ጎሽና ፍየል እየነዱ ክረምት ከበጋ የሚመላለሱት ጉጃሮች ደግሞ ጎጅሪ ይናገራሉ። የቋንቋ አጥኚዎች ጎጅሪን የሚመድቡት ከጎረቤቱ ከካሽሚርኛ ጋር ሳይሆን ከሩቁ የራጃስታን ቋንቋዎች ጋር ነው።