በባሕር ዳር ሆኖ የገጸ ባሕርይ አኒሜሽንን መማር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የገጸ ባሕርይ አኒሜሽንን በኢንተርኔት ለመማር የሚመዘገብ የባሕር ዳር ወጣት ስለ ሙያው ቀድሞ የሰማው አብዛኛው ነገር ከፊልም ተመልካቾች የመጣ በመሆኑ፣ ትምህርቱን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በተሳሳተ ግምት ነው። ግምቱ ጉዳት የሌለው ቢመስልም፣ ተማሪው ጊዜውንና ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውል የሚወስነው እርሱ ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት በተማሪዎችም በወላጆችም ዘንድ ደጋግመው የሚሰሙ አስተያየቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጥቂት እውነት ያለባቸው በመሆኑ ለማረም ይበልጥ ያስቸግራሉ።

«ሥዕል የማይችል ሰው አኒሜተር ሊሆን አይችልም»

በእጅ ለሚሣለው ባለ ሁለት አውታር አኒሜሽን ይህ በአመዛኙ ትክክል ነው። በሦስት አውታር ለሚሠራው ግን አይደለም፤ ምክንያቱም እዚያ አኒሜተሩ የሚረከበው ቀድሞ የተቀረጸና «ሪግ» የተገጠመለት ገጸ ባሕርይ ነው። ሪግ ማለት በገጸ ባሕርይው ውስጥ የተተከለ አጥንት መሰል መዋቅር ከነመቆጣጠሪያዎቹ ሲሆን፣ የአኒሜተሩ ሥራ መቆጣጠሪያዎቹን እየያዘ ገጸ ባሕርይውን ማቆም፣ ማጎንበስና ማስኬድ ነው። ለልምምድ የሚሆኑ ነጻ ሪጎችም በኢንተርኔት ይገኛሉ። ከተማሪው የሚጠበቀው ከእጁ ይልቅ ዓይኑ እንዲሠለጥን ነው፦ የሰውነት ክብደት በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈ፣ ዳሌ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ትከሻ ወዴት እንደሚሄድ፣ አቋሙ በጥቁር ጥላ ብቻ ቢታይ ምን እየተደረገ እንደሆነ ይለይ እንደሆነ ማየት። አቋምን በወረቀት ላይ አስቀድሞ ለማሰብ በጥቂት መስመሮች የተጫረ የሰው ምስል ይበቃል።

የአቋምን ግልጽነት ለማጥናት ደግሞ የባሕር ዳር ተማሪ ሩቅ መሄድ አይኖርበትም። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በኡራ ኪዳነ ምሕረትና በሌሎች የጣና ገዳማት ግድግዳዎች ላይ የሚታየው የአሣሣል ልማድ ጻድቃንን በሁለት ዓይን ከፊት፣ ክፉዎችን ግን በአንድ ዓይን ከጎን የሚያሳይ ነው። ሠዓሊዎቹ ማንበብ የማይችለው ምእመን እንኳ ማን ምን እንደሆነ በአንድ እይታ እንዲለይ ተጨንቀውበታል። አኒሜተርም ለእያንዳንዱ አቋም የሚጨነቀው ስለዚሁ ነው።

«እንቅስቃሴውን የሚሠራው ሶፍትዌሩ ነው»

ከሁሉም በላይ ተማሪን የሚያዘገየው ይህ ይመስለኛል። በፊልም የተለመደው ፍጥነት በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስለሆነ፣ የሦስት ሰከንድ ትዕይንት 72 ፍሬሞች አሉት። ተማሪው ከእነዚህ መካከል ዋና ዋናዎቹን አቋሞች በ«ኪ ፍሬም» ሲያስቀምጥ፣ በመካከል ያሉትን ሶፍትዌሩ በስሌት ይሞላቸዋል። እዚህ ድረስ አባባሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው መድረስን እንጂ፣ የሚንቀሳቀሰው አካል ከባድ ይሁን ቀላል፣ ሰውዬው ይድከም ወይም ይቸኩል አያውቅም። ስለዚህ የተሞላው እንቅስቃሴ ሁሉም የሰውነት ክፍል በአንድ ጊዜ የሚነሳበትና በአንድ ጊዜ የሚቆምበት፣ ክብደት የሌለው መንሳፈፍ ይሆናል።

በጣና ዳርቻ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍን ሰው ለአፍታ ተመልክቶ ያንኑ በኮምፒዩተር ለመሥራት የሚሞክር ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ከመግፋቱ በፊት ጥቂት ወደ ፊት ይዘረጋል፤ ይህ ዝግጅት ከሌለ ግፊቱ ከየት እንደመጣ ተመልካቹ አይገባውም። ግፊቱ ሲጀምር ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው ወገቡና ደረቱ ነው፤ ትከሻው ይከተላል፣ ክርኑና የእጁ አንጓ ደግሞ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። መቅዘፊያው ውሃ ውስጥ ሳለ በዝግታ፣ ከውሃ ወጥቶ ሲመለስ ግን በቅልጥፍና ይሄዳል፤ አንዱ የውሃውን ተቃውሞ ይታገላልና። ታንኳውም ቢሆን ወጥ በሆነ ፍጥነት አይጓዝም፤ በግፊቱ ጊዜ ይፈጥናል፣ በሁለት ግፊቶች መካከል ቀስ በቀስ ይዳከማል። ቀዛፊው የደረበው ጋቢ ጫፍ ሰውነቱ ከቆመ በኋላም ጥቂት መወዛወዙን ይቀጥላል። ከዚህ ሁሉ አንዱንም ሶፍትዌሩ በራሱ አያመጣውም፤ እያንዳንዱን መዘግየትና እያንዳንዱን ፍጥነት ተማሪው በእንቅስቃሴ ግራፉ ላይ፣ ማለትም እንቅስቃሴው ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚለወጥ በሚያሳዩት መስመሮች ላይ፣ ራሱ ማስተካከል አለበት።

አስተማሪዎች ተማሪው በመጀመሪያ አቋሞቹን ብቻ፣ መሸጋገሪያ ሳይኖራቸው አንዱ በሌላው እየተተካ እንዲያሳይ የሚያዝዙትም ለዚህ ነው። አቋሞቹና ጊዜያቸው በዚያ ደረቅ መልክ ካልሠሩ፣ ሶፍትዌሩ ሲያለሰልሳቸው ስሕተቱ ይሸፈናል እንጂ አይጠፋም። ሰው ላይ በተገጠሙ መሣሪያዎች እንቅስቃሴን መቅዳት የሚባለው ዘዴም ቢሆን ይህን ሙያ አያስቀርም፤ የተቀዳውን የሚያጸዳው፣ የሚያጎላውና ከገጸ ባሕርይው አካል ጋር የሚያስማማው አኒሜተር ነውና።

«የኳስ መንጠርና የእርምጃ ልምምድ የሕፃን ጨዋታ ነው»

ብዙ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ልምምዶች በችኮላ አልፎ ወደ ፍልሚያና ወደ ንግግር ትዕይንት ለመግባት ይጓጓል። የኳሱ ልምምድ ግን ክብደት በምን እንደሚገለጽ የሚያስተምር ነው። ከአምስት ሜትር ትንሽ ዝቅ ካለ ቅርንጫፍ ላይ የተቀነጠሰ ማንጎ መሬት ለመድረስ አንድ ሰከንድ ያህል፣ ማለትም 24 ፍሬም ይወስድበታል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ፍሬሞች የሚወርደው 31 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በሚቀጥሉት ስድስት 92 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ 1.5 ሜትር፣ በመጨረሻዎቹ ስድስት ደግሞ ከሁለት ሜትር በላይ ይወርዳል። በየፍሬሙ መካከል ያለው ርቀት እንዲህ እየሰፋ ካልሄደ፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ማንጎው የወደቀ አይመስልም፤ በገመድ የወረደ ይመስላል። ኳስ ሲነጥር ደግሞ በእያንዳንዱ ንጥረት የሚያጣው ከፍታ የእግር ኳስ ወይስ የብረት እንክብል መሆኑን ይነግረናል።

እርምጃም እንደዚሁ ነው። እግር መሬት የሚነካበት፣ ሰውነት ዝቅ የሚልበት፣ አንዱ እግር ሌላውን የሚያልፍበትና ሰውነት ከፍ የሚልበት አራቱ አቋሞች በሁሉም ትምህርት ቤት የሚሰጡ ናቸው፤ ለተለመደ አካሄድ አንድ እርምጃ 12 ፍሬም ያህል ይይዛል። ነገር ግን ውሃ የሞላ ጀሪካን ያዘለች ሴት ወደ ፊት አጎንብሳ፣ እርምጃዋን አሳጥራ፣ ሁለቱም እግሮቿ መሬት ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ አርዝማ ትሄዳለች። ይህን ያስተዋለ ተማሪ ከዚያው ከአራቱ አቋም ተነስቶ የሰውየውን ዕድሜ፣ ሸክምና ስሜት መናገር ይችላል።

«ቪዲዮ እያዩ መሥራት ማጭበርበር ነው»

በ1937 እ.ኤ.አ. የወጣው የዲዝኒ የመጀመሪያ ረጅም የአኒሜሽን ፊልም ሲሠራ ሠዓሊዎቹ በካሜራ የተቀረጸች ተዋናይትን እንቅስቃሴ እያጠኑ ሠርተዋል፤ ከዚያም ቀደም ብሎ በ1917 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው አኒሜተር ማክስ ፍላይሸር ፊልምን ፍሬም በፍሬም ለመገልበጥ በሚያስችል መሣሪያ ላይ የፈጠራ መብት አግኝቷል። ስለዚህ ልማዱ አሮጌና የተከበረ ነው። አደጋው ቪዲዮውን በመጠቀም ላይ ሳይሆን እንዳለ በመገልበጥ ላይ ነው፤ የተገለበጠ እንቅስቃሴ በገጸ ባሕርይው ላይ ሲታይ ብዙ ጊዜ ፈዝዞ ይገኛል። ትክክለኛው መንገድ ቪዲዮውን አጥንቶ ወሳኞቹን አቋሞችና ጊዜያቸውን መምረጥ፣ ከዚያም ማጉላት ነው። ራስን በስልክ መቅረጽ ከሁሉ ይሻላል፤ በሐይቁ ዳርቻ ወይም በገበያ ሰው የሚቀርጽ ተማሪ ግን አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይገባዋል።

የራስን አካባቢ መቅረጽ ሌላም ጥቅም አለው። የውጭ ፊልም ብቻ እያየ የሚሠራ ተማሪ ገጸ ባሕርይው ነጠላ ለብሶ ሳለ እንደ ባዕድ ትከሻውን ይሰብቃል። እኛ ዘንድ ግን አንድ ሰው አዎንታውን ቅንድቡን ከፍ አድርጎ አየር ወደ ውስጥ በመሳብ ብቻ ይገልጻል፤ ለታላቁ ዕቃ ሲያቀብልም በሁለት እጁ ይዞ፣ ወይም ቀኝ ክርኑን በግራ እጁ ደግፎ ጎንበስ ይላል። እነዚህን በማንኛውም የውጭ ትምህርት ውስጥ ማግኘት አይቻልም።

«ገጸ ባሕርይው አማርኛ እንዲናገር ለእያንዳንዱ ፊደል የአፍ ቅርጽ ያስፈልጋል»

ፊደላችን ብዙ ስለሆነ ሥራውም የዚያኑ ያህል ብዙ የሚመስላቸው አሉ። አፍ የሚከተለው ግን የሚሰማውን ድምፅ እንጂ የሚጻፈውን ፊደል አይደለም፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለአፍ አንድ ናቸው። ከንፈር የሚገጥምባቸው ም፣ ብ፣ ፕ እና ጵ፣ የታች ከንፈር የላይ ጥርስን የሚነካበት ፍ፣ ከንፈር የሚሾልባቸው ካዕብና ሳብዕ፣ ወደ ጎን የሚለጠጥባቸው ሣልስና ኃምስ፣ አፍ የሚከፈትበት ራብዕ፤ በእነዚህና በጥቂት መካከለኛ ቅርጾች አብዛኛው ንግግር ይሠራል።

የአማርኛ ችግር ያለው ሌላ ቦታ ሲሆን እርሱም ጠብቆና ላልቶ መነበብ ነው። «አባ» ስንል ብ ስለሚጠብቅ ከንፈሮች ገጥመው ጥቂት ይቆያሉ፤ «አበባ» ስንል ግን በአናባቢዎች መካከል ያለው ብ የላላ በመሆኑ ከንፈሮች ይቀራረባሉ እንጂ አጥብቀው አይገጥሙም። ሁለቱን በእኩል ፍሬም የሚዘጋ ተማሪ ሥራው ለምን የተተረጎመ ፊልም እንደሚመስል ግራ ይገባዋል። ከድምፁ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም አስቀድሞ አፉን ማዘጋጀትም የተለመደ ዘዴ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሰውነቱና ዓይኖቹ ካለቁ በኋላ ነው፤ ተመልካች የሚናገርን ሰው የሚያየው ዓይን ዓይኑን ነውና።

«ውድ ኮምፒዩተርና ውድ ሶፍትዌር የግድ ነው»

በሦስት አውታር አኒሜሽን የሚሠራበት ብሌንደር ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮዱ ክፍት የሆነ ነጻ ሶፍትዌር ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. በምርጥ የአኒሜሽን ረጅም ፊልም ዘርፍ ኦስካር ያሸነፈው የላትቪያው «ፍሎው» የተሠራውም በእርሱ ነው። በብዙ ስቱዲዮዎች የሚሠራበት ማያ የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ ለተማሪዎች በነጻ የሚሰጥበት መንገድ አለው። ከፍተኛ አቅም የሚጠይቀው የመጨረሻውን ምስል ማውጣት እንጂ ገጸ ባሕርይን ማንቀሳቀስ ስላልሆነ፣ ቀለል ያለ ሪግ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ላፕቶፕ ላይ ይሠራል።

«ትምህርቱን ተከታትሎ ሠርተፊኬት መያዝ በቂ ነው»

ቪዲዮ ማየት ማስተማሩ አይካድም፤ ሆኖም የኦንላይን ትምህርት ዋጋ በአብዛኛው ያለው አስተማሪው በተማሪው ሥራ ላይ በሚሰጠው እርማት ላይ ነው። ስለዚህ ተማሪ ትምህርት ቤት ሲመርጥ የትምህርቱን ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ ሥራውን ማን፣ በየስንት ጊዜው እንደሚያርምለት ቢጠይቅ ይሻላል። እርማቱ ያልተቋጨ ሥራ ላይ ሲሰጥ የበለጠ ይጠቅማል፤ ተማሪው አፍሮ እስኪያሳምረው ድረስ ከደበቀው፣ በመጨረሻ የሚነገረው ጉድለት ሁሉንም እንደገና የሚያስጀምር ይሆናል። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ጊዜም ይህ አሠራር ይቻላል፦ የተቀረጸውን ትምህርት አስቀድሞ በዝቅተኛ ጥራት ማውረድ፣ ሥራውንም ያለ ብርሃንና ያለ ቀለም በተቀዳ አጭር ቪዲዮ መላክ፤ የጥቂት ሰከንዶች እንዲህ ያለ ቪዲዮ ለመላክ ብዙ ዳታ አይፈጅም።

ቀጣሪም በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሠርተፊኬት ሳይሆን የሥራዎችን ናሙና ቪዲዮ ነው። ናሙናው ከአንድ ደቂቃ ባይበልጥ፣ ምርጡ ሥራም በመጀመሪያ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ የሚመለከተው ሰው ብዙ ናሙና ስለሚያይ ካልሳበው እስከ መጨረሻው አይታገሥም። ደካማ ትዕይንት ርዝመት ለመሙላት ተብሎ ከገባ ጠንካሮቹንም ያስጠረጥራል፤ ሪጉን የሠራው ሌላ ሰው ከሆነም ስሙ በቪዲዮው ላይ መጠቀስ አለበት።