«ፓምፑ ሞቷል» አትበሉኝ በናታችሁ

ከደሴ ተነስቼ ሐረጎን ወርጄ ሳልጨርስ ስልኬ ይጮሃል። ክሬኑ አላነሳ ብሏል፣ ወይ ፎርክሊፍቱ እያላዘነ ነው፣ «የሃይድሮሊክ ፓምፑ (በዘይት ግፊት ጭነት የሚያስነሳው) ሞቷል፣ ከአዲስ አበባ ሌላ እናስመጣ?» ሰልባትዮውን፣ የዘይቱን ታንከር፣ ማንም ከፍቶ አላየም እኮ! ሬሳ ሳታዩ ለቅሶ የምትቀመጡት ለምንድነው?

እሺ ጩኸቱን እንየው። ብዙ ሰው ፓምፑ ዘይቱን በራሱ ጉልበት ጎትቶ የሚያመጣ ይመስለዋል። አይደለም፣ ፓምፑ ቦታ ብቻ ነው የሚከፍተው፣ ዘይቱን ወደዛ የሚገፋው ሰልባትዮው ውስጥ ያለው አየር ነው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፣ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ታዲያ ጅቡቲ ስትራገፍ ጭጭ ያለች ማሽን ደሴ መጥታ በብርዱ ጠዋት ዘይቷ እንደ ማር ወፍሮ ብትጮህ ምን ይገርማል? ጭነት ሳታስይዙ አሙቋት፣ ስትሞቅ ዝም ካለች ጥፋቱ የፓምፑ ላይሆን ይችላል፣ ዘይቱ ለብርዱ ወፍሯል ወይ ፊልትሮው ደፍኗል።

ባለፈው ኮምቦልቻ አንድ ባለ ክሬን ጠራኝ። ፓምፕ ቀይሯል፣ አዲሱም ልክ እንደ አሮጌው ይጮሃል፣ ሰውየው «ፌክ ሸጡልኝ» እያለ ይራገማል። ባትሪ አምጡልኝ አልኩና ዘይቱን አስቀድቼ ውስጡን አየሁት፣ መሳቢያው ወንፊት ላይ ሰልባትዮውን የወለወሉበት ጨርቅ እንደ ረጠበ እንጀራ ልጥፍ ብሏል። በሁለት ጣቴ ላጥኩት፣ ጩኸቱ ጠፋ። አሮጌውን ፓምፕማ ለቆራሌው ሸጦት ነበር።

ዘይቱ እንደ ማኪያቶ አረፋ ከሰራ ደግሞ አየር እየገባ ነው፣ ብዙ ጊዜ በመሳቢያው ጎማ (ዘይቱ ወደ ፓምፑ በሚመጣበት ቱቦ) ማሰሪያ በኩል። ሞተሩ እየሰራ መጋጠሚያው ላይ ግሪስ ቀቡ፣ ድምፁ ከቀነሰ አገኛችሁት። አድሮም ወተት የመሰለ ከሆነ ግን ውሃ ገብቶበታል።

«አቅም ካነሰው ቫልቩን አጥብቀው» የሚሉም አሉ። የግፊት መገደቢያው ቫልቭ እኮ የተሰራው የዘይቱ ጎማ ከመፈንዳቱ በፊት እሱ እንዲያስተነፍስ ነው! የግፊት መለኪያ ጌጅ ሳታስሩ ካቻቢቴ አታንሱ። ደሞ አንድ ፓምፕ ከሚመግባቸው መሀል ዊንቹ (ገመድ ጠቅላዩ) ሙሉ ጭነት እያነሳ ቡሙ (ረጅሙ ክንድ) ብቻ ከደከመ ፓምፑን ተዉት፣ የቡሙን ቫልቭና ሲሊንደር ፈትሹ።

«ዘይት ዘይት ነው» ብሎ የፍሬን ዘይት የሚጨምር ሰው ጎሚኒዎቹን (ዘይቱ እንዳያፈስ የሚያሽጉትን ላስቲኮች) ራሱ አበላሽቶ ነው የሚደውልልኝ። ሲሊንደሮቹ ተዘርግተው እያለ ዘይት የሚሞላም አለ፣ ሲሰበሰቡ መሬቱን ያጥበዋል።

የምናደድበት የመጨረሻው ዘይት የሚያፈስ ቀዳዳ በጣት መፈለግ ነው። ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ መጀመሪያ እሾህ የወጋ ነው የሚመስለው፣ ብዙም አያምም፣ ውስጥ ውስጡን ግን ስጋውን ይገድለዋል። ከደረሰባችሁ እስኪያብጥ አትጠብቁ፣ በዛው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱና «በግፊት ዘይት ገብቶብኛል» በሉ። ለፍለጋው የካርቶን ቁራጭ በእንጨት ጫፍ ያዙና ከሩቅ አሳልፉት፣ ካርቶኑ ይረጥባል። የዘይት ጎማ ለመፍታት ደግሞ ሞተር ማጥፋት አይበቃም፣ ጭነቱ አየር ላይ ካለ ግፊቱም አለ፣ መሬት አስቀምጡት። ከዛ ደውሉልኝ፣ መጀመሪያ የዘይቱን ፎቶ ላኩ።