ደመወዙ አሥር ጊዜ የተለወጠበት ሰው

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን የምጽፈው በትልልቅ ድርጅቶች ተቀጥራችሁ ለምትሠሩ ነው። በተለይም የደረጃ እድገት ማስታወቂያው ሳይለጠፍ የተሿሚው ስም በየኮሪደሩ ሲነገር ለሰማችሁ።

እኔም ሰምቻለሁ። በአንድ ትልቅ ባንክ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል አንድን ክፍል በተጠባባቂነት መራሁ። ሒሳብ ሲዘጋ እስከ ሌሊት የምቆየው፣ አዲስ ተቀጣሪ የማሠለጥነው፣ ደንበኛ ሲቆጣ የምጠራው እኔ ነበርሁ። ቦታው በቋሚነት ሲወጣ ተወዳደርሁ፤ የጽሑፍ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አለፍሁ። የቃለ መጠይቁ ነጥብ ሲደመር ግን የአንድ የበላይ ኃላፊ የሥጋ ዘመድ የሆነ ወጣት ተሾመ። በማግስቱ ሥራውን እንዳስተምረው ታዘዝሁ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ጸሎቴ ተበላሸ። ጠዋት ለኪዳን ስቆም አፌ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲል ልቤ የቃለ መጠይቁን ነጥብ ይደምር ነበር። ወጣቱን ሰላም ስለው እንኳ ጥርሴ ይነከሳል። ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ብዙ አልተናገሩም፤ ኦሪት ዘፍጥረትን ከምዕራፍ 25 እስከ 37 ሦስት ጊዜ አንብቤ እንድመለስ ብቻ አዘዙኝ።

በመጀመሪያው ንባብ ያዕቆብ እኔን መሰለኝ። ያደገው አባት አንዱን ልጅ፣ እናት ሌላውን በሚወድዱበት ቤት ነው። ከዚያም ለአጎቱ ለላባ ሃያ ዓመት አገለገለ፤ ዐሥራ አራቱን ስለ ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ፣ ስድስቱን ስለ በጎቹ። ቀን በሐሩር፣ ሌሊት በቍር ይጠበስ ነበር፤ እንቅልፍም ከዓይኑ ጠፋ። አውሬ የሰበረውን በግ ከራሱ ይከፍላል። አሠሪው ግን ደመወዙን አሥር ጊዜ ለወጠበት። ይህን ሳነብብ አለቀስሁ። መጽሐፍ ቅዱስ የሠራተኛን ድካም እንዲህ ቆጥሮ መዝግቦ እንደያዘ ከዚያ በፊት አላስተዋልሁም ነበር።

በሦስተኛው ንባብ ግን ምዕራፍ 33 ላይ ቆምሁ። ያዕቆብ ወንድሙ ዔሳው አራት መቶ ሰዎች አስከትሎ ሲመጣ አይቶ ፈራ። ቤተ ሰዉን እንዴት እንዳሰለፈ ተመልከቱ፤ ባሪያዎቹንና ልጆቻቸውን ከፊት፣ ልያንና ልጆቿን ቀጥሎ፣ ራሔልንና ዮሴፍን ከሁሉ በኋላ። ሰይፍ ቢመጣ ማን አስቀድሞ እንደሚሞት በሰልፉ ተወስኗል። ምንም እንኳ ራሱ ቀድሟቸው ወጥቶ ሰባት ጊዜ ወደ ምድር ቢሰግድም፣ ልጆቹ የቆሙበትን ቦታ አይተዋል። ጥቂት ምዕራፎች ቆይቶ ለዮሴፍ ብቻ ብዙ ኅብር ያለበት ቀሚስ ይሰፋለታል፤ ወንድሞቹም ጠሉት፣ በሰላም ይናገሩት ዘንድ አልቻሉም። አድልዎ ያቆሰለው ያ ሰው፣ በላባ ፊት «ድካሜን እግዚአብሔር አየ» ብሎ የመሰከረው ሰው፣ ሥልጣን በእጁ በገባ ጊዜ በቤቱ ደረጃ ሠራ።

እኔ የምመራው ቤት ስላልነበረኝ ይህ የማይነካኝ መሰለኝ። ይሁን እንጂ በዚያው ሳምንት በምሳ ሰዓት ከባልደረቦቼ ጋር ስለ አድልዎ ስናማርር፣ አንዲት እናት ጠረጴዛችንን ይወለውሉ ነበር። ክርናችንን እንኳ አላነሣንላቸውም።

በየሕንፃዎቻችን የሚያጸዱና የሚጠብቁ ወገኖች ብዙዎቹ የሚቀጠሩት በኤጀንሲ በኩል እንደሆነ የምትሠሩበት ሁሉ ታውቃላችሁ። እኛ ቋሚዎቹ የዓመት ጉርሻ፣ ሕክምና፣ በአነስተኛ ወለድ የቤት ብድር አለን። እነርሱ በዚያው በር ገብተው፣ በዚያው ወለል ላይ ውለው፣ ከዚህ አንዱም አይደርሳቸውም። እኒያ እናት ሻያቸውን የሚጠጡት ከደረጃው ሥር፣ መወልወያዎቹ በሚቀመጡበት ጠባብ ክፍል ነበር። የአዲስ ኪዳኑ ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ድሀውን «ከእግሬ መረገጫ በታች ተቀመጥ» የሚለውን ሰው ሲገሥጽ፣ እኔ ሁልጊዜ ያ ሰው አለቃዬ ይመስለኝ ነበር።

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር የምፈልገው አለ። አንዳንድ መምህራን በሥራ ቦታው የተበደለ ሰው ሲመጣ «ታገሥ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ብቻ ይሸኙታል። ቃሉ እውነት ነው፣ ግን ጎዶሎ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለቱ እደላ ስለ ተዘነጉ ባንጎራጎሩ ጊዜ፣ ሐዋርያት ዝም በሉ አላሏቸውም። ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ሰዎች አስመረጡ። የሰባቱን ስም አንብቡ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ጉባኤው እደላውን የሰጠው የተበደለውን ወገን ስም ለያዙ ሰዎች ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ልብ በአንድ የሹመት ኮሚቴ ውስጥ ቢገኝ ስንት ቤት እንባው ይታበስ ነበር!

ስለዚህ አቤቱታ ማቅረብ ኃጢአት አይደለም። ላባ ሲያሳድደው ያዕቆብም በዘመዶቹ ፊት «በደሌ ምንድር ነው?» ብሎ ፊት ለፊት ተከራክሯል። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በሠራተኞቹ መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል፤ በማኅበር መደራጀትንም ይፈቅዳል። ስም ሳታጠፉ፣ ማስረጃ ይዛችሁ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። እኔ የጻፍሁት አቤቱታ ውጤቱን አልለወጠውም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ወጣቱን ስረግመው አድሬ አላውቅም፤ ክርክሬ ከአሠራሩ ጋር እንደሆነ ከጻፍሁ በኋላ ገባኝ። ሥራውንም አስተማርሁት፣ አሳንሼ ሳይሆን የማውቀውን ሁሉ።

ኃላፊ የሆናችሁ፣ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅም የፈረቃ አለቃም ብትሆኑ፣ ቆላስይስ ምዕራፍ 4 የሚጀምረው በእናንተ ነው፤ እናንተም በሰማይ ጌታ አላችሁ። የምዘና ቅጽ ስትሞሉ ያ ብዕር የሰው እንጀራ ይቈርሳል። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚለውን ተረት በሹመት ኮሚቴ ፊት አትጥቀሱት።

ለንስሐ አባቴ ተመልሼ ስሄድ ያነበብሁትን ነገርኋቸው። «የሴትዮዋ ስም ማን ይባላል?» አሉኝ። አራት ዓመት በአንድ ወለል ውለናል፤ አላውቀውም ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ሌላ ሰው ሳይገባ ደረጃው ሥር ወርጄ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው አደራርቀው ትንሽ ዝም አሉ። በመታወቂያቸው ላይ ያለውን ስም አልነገሩኝም። «ለጸሎት ከሆነ፣ ልጄ፣ የክርስትና ስሜን ልስጥህ» አሉኝና ጎንበስ ብለው ሻይ ይቀዱልኝ ጀመር።