ሐራሙን እንጠንቀቅ፣ ሐላሉንም አናጥብብ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች!

በምግብ ጉዳይ ብዙዎቻችን ወደ አንዱ ጫፍ እናዘነብላለን። አንዱ "ትንሽ ናት፣ አላህ መሓሪ ነው" ይላል። ሌላው የጠረጠረውን ሁሉ ሐራም ያደርጋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ጥንቃቄ ስለሚመስል ማንም አያርመውም።

በክት፣ ደም፣ የአሳማ ሥጋ፣ ከአላህ ሌላ ስም የተጠራበት እርድ፤ ይህ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 173 ያለቀ ጉዳይ ነው። አስካሪ መጠጥም ሲበዛ የሚያሰክር ከሆነ ትንሹም ሐራም እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። እዚህ ላይ "ትንሽ ናት" አይሠራም።

ግን ያው አንቀጽ ሳያበቃ፣ የተገደደ ሰው አምሮት ሳይኖረውና ወሰን ሳያልፍ ቢበላ ኃጢአት የለበትም ይላል። ሱብሓነላህ! ክልከላውም መውጫውም አንድ አንቀጽ ውስጥ ናቸው። ዑለማዎችም ዶሩራ (አስገዳጅ ችግር) የተከለከለውን ይፈቅዳል ሲሉ፣ በችግሩ ልክ ብቻ እንደሆነ ያስከትላሉ። መራብ ሌላ፣ መጎምጀት ሌላ።

የነቢዩ ባልደረባ ጃቢር (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን ታሪክ ደጋግሜ አስበዋለሁ። በአቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) የተመሩ 300 ሰዎች ስንቃቸው አለቀ። ለአንድ ሰው በቀን አንዲት ተምር እስክትደርስ ወረደ፤ ቅጠልም በሉ። ከዚያ ባሕር ዳር እንደ ኮረብታ የተጋደመ ዓሣ አገኙ። አቡ ዑበይዳ መጀመሪያ "በክት ነው" አሉ። ቆይተው ግን "በአላህ መንገድ ላይ ነን፣ ተቸግራችኋልም፤ ብሉ" አሏቸው። መዲና ሲመለሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ያወጣላችሁ ሲሳይ ነው አሉ። ከሥጋው ጠይቀውም በሉ። እሳቸው በዚያ ሰዓት የተቸገሩ አልነበሩም። ስለዚህ ዓሣው ከመነሻውም ሐላል ነበር ማለት ነው። አቡ ዑበይዳ ባወቁት ልክ ፈረዱ፤ ነቢዩም አልወቀሷቸውም።

ሌላ ጊዜ ዶብ የሚባል የበረሃ እንሽላሊት ተጠብሶ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀረበላቸው። ምን እንደሆነ ሲነገራቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) "ሐራም ነው?" ብለው ጠየቁ። "አይደለም፣ በወገኖቼ አገር ስለሌለ ነፍሴ አልወደደችውም" አሉ። ኻሊድም ወደ ራሳቸው ስበው በነቢዩ ፊት በሉት። ነቢዩ እንኳ ነፍሳቸው ያልወደደችውን በሰው ላይ ሐራም ካላደረጉ፣ እኛ ከየት አምጥተን ነው የምናደርገው?

እንደ ሐነፊና ማሊኪ ባሉት መዝሀቦች (የሸሪዓ ሕግ አረዳድ መንገዶች) ልዩነትም እንደዚሁ ነው። ሐነፊዮች ከባሕር እንስሳት የሚፈቅዱት ዓሣን ነው። ሌሎቹ ሰፋ ያደርጋሉ። ሐነፊው በመዝሀቡ ይጽና፤ ማሊኪውን ግን "ሐራም በላህ" አይበለው።

ጥርጣሬ ለሚያስቸግረው ሰው ደግሞ የእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሐዲስ አለ። አዲስ የሰለሙ ሰዎች ሥጋ ያመጡ ነበር። ሲታረድ የአላህ ስም ይጠራ አይጠራ አይታወቅም። ነቢዩ "እናንተ የአላህን ስም ጥሩና ብሉ" አሉ። ሙስሊም ወንድማችን ቤት ስንጋበዝም "ማን አረደው? እንዴት አረደው?" እያልን ባለቤቶቹን አናሳቅቅ። ቢስሚላህ ብለን እንጉረስ።